ፊልምና የከተማ በዓል፦ የፊልም ፌስቲቫል በኢትዮጵያ

የፊልም ፌስቲቫል በአንድ ከተማ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት የሚካሄድ፣ አዳዲስ ፊልሞች በሕዝብና በዳኞች ፊት የሚቀርቡበት፣ የሙያው ሰዎች የሚገናኙበትና ሽልማት የሚሰጥበት ጉባኤ ነው። በሲኒማ ቤት ከሚታየው የዘወትር ትርዒት የሚለየው ፊልሙ የሚቀርበው ለመግቢያ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለፍርድ፣ ለውይይትና ለማዕረግ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ጠባዩ ከገበያ ይልቅ ወደ ክብረ በዓል ያደላል። ክብረ በዓል ደግሞ የሚያዘጋጀው፣ የሚወጣለትና የራሱ አድርጎ የሚቆጥረው ሕዝብ ከሌለ ስሙ እንጂ ግብሩ አይኖርም። ኢትዮጵያ ከፊልም ፌስቲቫል ጋር የተዋወቀችበትን መንገድ ለሚመረምር ሰው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው፣ የሀገሪቱ ፊልሞች ማዕረግ ያገኙት አስቀድሞ በባዕድ ከተሞች፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ መሆኑና ከአዲስ አበባ ወዲያ ያሉት ከተሞች በዚህ በዓል ውስጥ ያገኙት ድርሻ እጅግ ጠባብ ሆኖ መቆየቱ ነው። ይህ የሆነው ግን እነዚህ ከተሞች በዓል ማዘጋጀት ስለማያውቁ አይደለም፤ የአገው ሕዝብ የሚኖርበት የአዊ አገር ታሪክ ከዚህ ተቃራኒውን ያሳያል።

የፊልም ፌስቲቫል ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በቬኒስ ሲሆን፣ ጊዜው በኢጣሊያ የፋሺስት መንግሥት በሥልጣን ላይ የነበረበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቁ ሽልማት በመሪው ስም የሙሶሊኒ ዋንጫ ተባለ፤ ፌስቲቫሉም ከሥነ ጥበብ ጉባኤነቱ ጋር የመንግሥቱን ፖለቲካ የሚያስጌጥ መድረክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1938 ለምርጥ የኢጣሊያ ፊልም የሚሰጠውን ዋንጫ የወሰደው ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ያዘጋጀው «ሉቻኖ ሴራ፣ አብራሪው» የተባለው ፊልም ነበር። የዚህ ፊልም ታሪክ የሚደመደመው ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ባካሄደችው የወረራ ጦርነት ውስጥ ሲሆን፣ ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ነበር። ቪቶርዮ ራሱ በዚያው ጦርነት በአውሮፕላን አብራሪነት ተሰልፎ ኢትዮጵያን ከደበደቡት አንዱ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም የፊልም ፌስቲቫል መድረክ ላይ በቀደምትነት ከታየችባቸው አጋጣሚዎች አንዱ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሀገሪቱ የሌላው ጀግንነት መታያ ሜዳ ሆና ቀረበች፣ በሰማይ እሳት ያዘነበው ሰውም የፊልሙ የበላይ ሆኖ ተመሰገነ።

በዚያው ዓመት ለውጭ ፊልም የተመደበው ትልቁ ዋንጫ ስለ በርሊን ኦሊምፒክ ለተሠራ የናዚ ጀርመን ፊልም በመሰጠቱ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተወካዮች ፍርዱ ለፖለቲካ ያደላ ነው ብለው ተቆጡ፤ ፈረንሳዮችም ከዚህ ተጽዕኖ ነጻ የሆነ ሌላ ፌስቲቫል በካን ከተማ ለማቋቋም ተነሡ። የካን ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1939 እንዲከፈት ታስቦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እስከ 1946 ዘገየ። የኢትዮጵያ ወረራ የተወደሰበት ያ የቬኒስ ዓመት በዓለም ከሁሉ የገነነው የፊልም ፌስቲቫል እንዲወለድ ምክንያት ከሆኑት አንዱ መሆኑ፣ በኢትዮጵያ የፊልም ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ከዚህ በበለጠ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ምድር ተንቀሳቃሽ ሥዕል የታወቀው ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ለሕዝብ ካሳዩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥታቸው ፊልም ተመልክተዋል። በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ግን የከተማው ሕዝብ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ብዙ ጊዜ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ የሚራመዱ ጥላዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ፣ ከበስተጀርባ ማን እንዳዘጋጃቸውና ለምን እንዳመጣቸው የማያውቅ ሕዝብ ጥርጣሬ ቢያድርበት የሚያስገርም አይደለም። ከዚያ በኋላ በመጣው የወረራ ዘመን ኢጣሊያኖች በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ የሲኒማ አዳራሾችን ሠርተው ፊልምን የአገዛዛቸው መሣሪያ ባደረጉት ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው እውነተኛ መሠረት አገኘ። በእነዚህ አዳራሾች ኢትዮጵያዊው እንዲያይ የተፈለገው የገዥውን ኃይል እንጂ የራሱን ሕይወት አልነበረም።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ አዳራሾቹ በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ፤ በአዲስ አበባም ኢጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት አንድ ትልቅ ሕንጻ ተሻሽሎና ተስፋፍቶ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። ይህ ቤት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የፊልም ክብረ በዓላት ብዙ ጊዜ የተከበሩበት አዳራሽ ነው። የተመልካቹ ዓይን የተከፈተው ግን በአሜሪካ፣ በሕንድና በአውሮፓ ፊልሞች ነበር። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ኢላላ ኢብሳ ጽፎ ያሠራው፣ ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪካዊ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ሚሼል ፓፓታኪስ የደም ካሣንና ዕርቅን መሠረት ያደረገውን «ጉማ»ን ሠራ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው የዐሥር ዓመት ርቀት ብቻውን የሥራውን ክብደት ይመሰክራል፦ የፊልም ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገዛ፣ ተቀርጾ ሲያልቅም ለእጥበት ወደ ውጭ ሀገር የሚላክ በመሆኑ፣ አንድ ፊልም መሥራት የአንድን ባለሙያ ወይም የአንድን ድርጅት ሀብት ሊያሟጥጥ ይችል ነበር። የሚወዳደሩ ፊልሞች በሌሉበት ደግሞ የሚወዳደሩበት በዓል ሊኖር አይችልም። ደርግ በ1970ዎቹ የፊልም ማዕከልን፣ በኋላም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ ሥራውን በመንግሥት እጅ ሲያደርግ፣ ኮርፖሬሽኑ ዘጋቢ ፊልሞችንና ጥቂት ረጃጅም ፊልሞችን ከማውጣቱ በቀር ይህን መሠረታዊ እጥረት አልፈታውም።

የኢትዮጵያን ሕይወት በኢትዮጵያዊ ዓይን አይቶ በዓለም ፌስቲቫሎች ፊት ያቆመው በስደት ላይ ያለ አንድ ባለሙያ ነበር። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኝነት ታሪክ መጽሐፍ የጻፉ ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። ኃይሌ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ አሜሪካ ሄዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ከተማረ በኋላ በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም የቀረጸው ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ ሀገሪቱ በለውጥ ስትናጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ለባለ ርስት የሚገብር የገበሬ ቤተሰብ ድካም በዝግታና በትዕግሥት ይታያል፤ አብዛኞቹ ተዋንያንም በሙያው ያልሠለጠኑ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአውሮፓ ፌስቲቫሎች ታይቶ ተደነቀ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም በዓለም የሲኒማ ቅርስነት ከሚጠበቁ ፊልሞች ጋር ተቆጥሮ ታድሶ በካን ቀረበ። ታሪኩ የገበሬው ሆኖ ሳለ፣ የተከበረው ገበሬው በማያውቃቸው ከተሞች መሆኑ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ፊልም ሁኔታ በግልጽ ያሳያል።

ከእነዚህ ባዕድ ከተሞች መካከል አንዷ ግን አፍሪካዊት ነበረች። በቀድሞዋ ላይኛው ቮልታ፣ በዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ በዋጋዱጉ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፈረንሳይኛ ስሙ ምህጻር ፌስፓኮ ይባላል። ፌስቲቫሉ በተጀመረ በዓመቱ የሀገሪቱ መንግሥት የሲኒማ ቤቶችንና የፊልም ሥርጭቱን ከውጭ ኩባንያዎች እጅ ወስዶ ብሔራዊ አደረገ፤ ከመግቢያ ትኬት ከሚሰበሰበው ገንዘብም ከፊሉ ለሀገር ውስጥ ፊልም ሥራ እንዲውል ደነገገ። ከዓለም ድሆች መካከል የምትቆጠር ሀገር ይህን ማድረጓ የፌስቲቫሉን ዕጣ የወሰነ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ በየካቲት ወር አካባቢ ከመላው አፍሪካና ከዳያስፖራው የሚመጡ ባለሙያዎችን የምታስተናግድ፣ ሹፌሩና ነጋዴውም ሳይቀር ስለ ፊልሞቹ የሚከራከርባት ከተማ ሆናለች። የፌስቲቫሉ ትልቁ ሽልማት የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ነው። የኔንጋ በሞሲ ሕዝብ ትውፊት ከአባቷ ቤት በፈረስ ኮብልላ የወጣች፣ ልጇም የሞሲ መንግሥት መሥራች የሆነላት የንጉሥ ልጅና ፈረሰኛ ናት። ሽልማቱን የሠሩት ሰዎች የአውሮፓ ዋንጫዎችን አምሳያ አልፈለጉም፤ ከራሳቸው ሕዝብ ትዝታ ውስጥ ፈረስንና ፈረሰኛን አውጥተው የአፍሪካ ፊልም ሁሉ ማዕረግ እንዲሆን አደረጉት።

ይህን ፈረስ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2009 «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ ተሸለመ። «ጤዛ» በጀርመን ተምሮ የተመለሰ አንበርብር የተባለ ሐኪም በአብዮቱና በቀይ ሽብር ዘመን የደረሰበትን፣ በመጨረሻም ወደ ትውልድ መንደሩ ገብቶ የሚያየውን የሚተርክ ነው፤ የገጠሩ ክፍል የተቀረጸውም በጎንደር አገር ነው። ፊልሙ ከዋጋዱጉ በፊት፣ በኢትዮጵያ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቶ ነበር። «ሉቻኖ ሴራ» ከተሸለመበት እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2008 ሰባ ዓመት ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ፌስቲቫል፣ አንደኛው ፊልም ወራሪውን ሲያወድስ ሌላው በአርበኛ ታሪክ ጸሐፊ ልጅ እጅ ተሠርቶ የኢትዮጵያን ቁስል በኢትዮጵያ ቋንቋ ተናገረ። ከዚህ ሁለት ዓመት አስቀድሞም በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው የቻዱ ማሃማት ሳሌህ ሃሩን «ዳራት» የተቀረጸው በኢትዮጵያዊው የካሜራ ባለሙያ አብርሃም ኃይሌ ብሩ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በዓለም መድረክ ላይ የነበራቸው ቦታ በሀገር ውስጥ ከሚታወቀው በእጅጉ የሰፋ ነበር ማለት ይቻላል።

ካንም በተራው አዲስ የኢትዮጵያ ፊልም ለመምረጥ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ማለትም ጠቦት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው፤ እናቱን ያጣ ኤፍሬም የተባለ ልጅ ከሚወዳት በጉ ጋር በደጋ አገር ዘመድ ቤት ተትቶ የሚያሳልፈውን ጊዜ ያሳያል። በዓመት ቀደም ብሎም የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የዚህ ፊልም የአዲስ አበባ ምረቃ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት በምረቃው ምሽት መቋረጡ፣ ከዚያም እግዱ ተነሥቶ ለሕዝብ መታየቱ ይታወሳል። ስለ እግዱ አግባብነት የሚሰጠው አስተያየት የተለያየ ቢሆንም፣ በሁለት አህጉሮች ያለ ችግር የታየ ፊልም በታሪኩ ባለቤት ሀገር ሲደርስ ብርቱ ክርክር ማስነሣቱ በፊልም የሚቀርብ ታሪክ በሀገሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያመለክታል። ፌስቲቫል የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለው ክርክር የሚሰማበትና በቅን ልቦና የሚመረመርበት መድረክ ስለሆነ ነው።

በሀገር ውስጥ ፌስቲቫል ሊታሰብ የቻለው የሥራው መንገድ በመለወጡ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቪዲዮ ካሜራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ዲጂታል ካሜራ የእጥበትንና የጥሬ ዕቃውን ወጪ ሲያስቀር፣ እንደ ሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» እና እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ሥራዎች የአማርኛ ፊልም ለብዙ ተመልካች ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት የሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ቅዳሜና እሑድ ረጅም ሰልፍ የሚታይበት ሆነ፤ የሥራው ፍጥነት ከፍ ባለበት ዘመንም በዓመት ወደ መቶ የሚጠጉ የአማርኛ ፊልሞች ለሕዝብ ይቀርቡ ነበር። ይህ በአብዛኛው ያለ መንግሥት ድጎማና ያለ ውጭ እርዳታ፣ በተመልካቹ የመግቢያ ገንዘብ የቆመ ኢንዱስትሪ መሆኑ በአፍሪካ ውስጥ ከናይጄሪያ በቀር እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው፤ የዓለም ፌስቲቫሎች መራጮች ግን እነዚህን የፍቅርና የሳቅ ፊልሞች እምብዛም አልተመለከቷቸውም። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ፊልም ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው በባዕድ የሚከበር በሀገሩ ጥቂት ሰው ያየው፣ ሌላው በሀገሩ ሰልፍ የሚቆምለት በባዕድ ስሙ የማይነሣ ሆነ።

የአዲስ አበባ ፌስቲቫሎች የተፈጠሩት በዚህ ክፍተት መካከል ነው። በይርጋሸዋ ተሾመ ይመራ የነበረው ሊንኬጅ የጥበብ ማዕከል በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን ጀምሮ የሀገር ውስጥ ፊልሞችን ለውድድር ሲያቀርብ፣ ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን መሠረተ። ይህ ሁለተኛው በዘጋቢ ፊልም ላይ ያተኮረ ነው፤ ዘጋቢ ፊልም የሚባለው በተዋንያን ከተፈጠረ ታሪክ ይልቅ በእውነተኛ ሰዎችና ሁኔታዎች ላይ የሚመሠረት ሥራ ሲሆን፣ ፊልሙ ካበቃ በኋላ በአዳራሹ የሚደረገው ውይይት የትርዒቱ ግማሽ አካል ተደርጎ ይቆጠራል። በ2005 ዓ.ም. አብርሃም ኃይሌ ብሩ የአፍሪካ ፊልሞችን ለኢትዮጵያ ተመልካች የሚያስተዋውቀውን «ከለርስ ኦፍ ዘ ናይል» የተባለውን ፌስቲቫል አቋቋመ። የአውሮፓ ኤምባሲዎችና የባህል ተቋማትም በየዓመቱ የሀገሮቻቸውን ፊልሞች በነጻ ያሳያሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ ሽልማት ከእነዚህ ይለያል፤ ፊልሞች ለቀናት የሚታዩበት ፌስቲቫል ሳይሆን በዓመቱ የታዩ ሥራዎች ተመርጠው በአንድ ምሽት የሚሸለሙበት ሥነ ሥርዓት ነው። ያም ሆኖ ስሙን ከፓፓታኪስ ፊልም መውሰዱ፣ በዕድሜ የገፉትን የሙያው አንጋፋዎችም መድረክ ላይ ማክበሩ ለኢትዮጵያ ፊልም የራሱን የትውልድ ሐረግ ሰጥቶታል።

እነዚህ ሁሉ ዋጋ ያላቸው ሥራዎች ናቸው፤ አዘጋጆቻቸውም በጥቂት ገንዘብና በብዙ ድካም ያቆዩአቸው ስለሆነ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ሁለት ድክመቶች አብረዋቸው ኖረዋል። የመጀመሪያው የገንዘባቸው ምንጭ በአብዛኛው የውጭ ለጋሽ ወይም የአንድ ጊዜ ስፖንሰር በመሆኑ፣ ለጋሹ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ፌስቲቫሉ የሚጓደል ወይም የሚቋረጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው፦ በዓሉ የከተማው በዓል አልሆነም። በፌስቲቫሉ ሳምንት በመርካቶ የሚነግደው፣ በአውቶቡስ የሚሄደው፣ በመንደሩ የሚውለው ሰው ከተማው የፊልም ክብረ በዓል እያከበረ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት የለም። አዳራሹ ውስጥ የሚገኙት ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና የውጭ እንግዶች ናቸው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ ማጽደቁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊልም የድኅረ ምረቃ ትምህርት መክፈቱ ሙያውን ከፍ ያደረጉ እርምጃዎች ቢሆኑም፣ ይህን የሕዝብ ባለቤትነት ጥያቄ በደንብና በሥርዓተ ትምህርት መፍታት አይቻልም።

ከአዲስ አበባ ውጭ ፊልም የታየው በአብዛኛው በቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት በጭቃ ወይም በቆርቆሮ በተሠራ አንድ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ተቀምጦ፣ ተመልካቹ በአግዳሚ ላይ ተደርድሮ በጥቂት ሳንቲም፣ በኋላም በጥቂት ብር የሚገባበት ቤት ነው። የክፍለ ሀገር ወጣት የሕንዱን ዘፈን፣ የሆንግ ኮንጉን ካራቴና የሆሊውዱን ተኩስ፣ ከዚያም የአማርኛውን ፊልም ያወቀው በእነዚህ ቤቶች ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ትላልቅ አዳራሾች የሚጽፉትን ያህል ስለ ቪዲዮ ቤት አለመጻፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው፤ ብዙው ኢትዮጵያዊ ተመልካች የተማረበት ትምህርት ቤት እርሱ ነበርና።

በአዊ አገር የማየትና የመታየት ታሪክ የተለየ ገጽታ አለው። እንጅባራ፣ ዳንግላና ሌሎች ትናንሽ ከተሞችም የሚገኙበት ይህ የአገው ምድር ለብዙ ዘመን በእንግዳ ዓይን የታየ ነው። በአቅራቢያው ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 አይተው ስለ አካባቢው ሕዝብ ጽፈዋል፤ ብሩስ የአገውን ፈረሰኞች ብዛትና ለጎንደር ከተማ የሚያቀርቡትን ማርና ከብት ሳይቀር መዝግቧል። ከ1925 እስከ 1934 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ሮበርት ቺዝማን በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ በእግርና በበቅሎ አጠና፤ መጽሐፉንም በፎቶግራፍ አስደግፎ አሳተመ። እነዚህ ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ለታሪክ የሚጠቅሙ ናቸው። ቢሆንም የአዊ ሰው በእነርሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታይ እንጂ የሚያሳይ አይደለም፤ በቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1938 ከተፈጸመው ጋር ደረጃው ፈጽሞ የማይነጻጸር ቢሆንም፣ የመሣሪያው ባለቤትና የታሪኩ ባለቤት የተለያዩ ሆነው መቆየታቸው አንድ ነው።

የአዊ ሕዝብ ራሱን ለራሱ የሚያሳይበት በዓል ግን አለው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰባት ቤት አገው የሚባሉት በትውፊት ከአንድ ምንጭ እንደ ወረዱ የሚነገርላቸው የአካባቢው ነገዶች ናቸው። ማኅበሩ የተቋቋመበት ዓመት የኢጣሊያ ወረራ ገና ያላበቃበት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ዓላማውም በዐድዋ ጦርነትና በአርበኞች ተጋድሎ ፈረሶችና ፈረሰኞች የዋሉትን ውለታ ማሰብ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በእንጅባራ ይከበራል፤ ዐድዋም በየካቲት 23 በጊዮርጊስ ቀን የተገኘ ድል ነውና የቀኑ ምርጫ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በዕለቱ ከየወረዳው የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በኮርቻ፣ በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ አሸብርቀው ይሰለፋሉ፤ ግልቢያና ጉግስ ይታያል። ጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው እየተባረሩ ዘንግ የሚወራወሩበት፣ ተወርዋሪውንም በጋሻና በአካል ቅልጥፍና የሚመክቱበት የጦር ልምምድ መሰል ጨዋታ ነው። ማኅበሩ በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ አባላቱ በሐዘንና በደስታ ይረዳዳሉ፣ ሽማግሌዎቹም የተጣላ ያስታርቃሉ።

ይህ በዓል ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየው በለጋሽ ገንዘብ አይደለም። ፈረሱን የሚቀልበው ገበሬው ነው፤ ኮርቻውን የሚያሠራው፣ ከቤቱ እስከ ከተማው የሚጋልበው፣ ልጁንም ፈረስ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ሦስት መንግሥታት ተለዋውጠው በዓሉ ያልተቋረጠበት ምክንያት ተሳታፊውና ባለቤቱ አንድ ሰው በመሆኑ ነው። የአዲስ አበባ የፊልም ፌስቲቫሎች ያጡት ይኸው ነው፤ ዋጋዱጉ ያገኘችውም ይኸው ነው። የቡርኪና ሰዎች ፊልምን ወደ ፈረሳቸው አመጡት እንጂ ፈረሳቸውን ለፊልም ብለው አልተዉትም።

በእንጅባራ ፊልምን የዚህ በዓል ተጓዳኝ ለማድረግ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ከተማዋ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የአዊ ሕዝብ ቋንቋ አውንጂ በትምህርት ቤት የሚሰጥና በአማራ መገናኛ ብዙኃን የሚሰራጭ ቋንቋ ሆኗል፤ በእጅ ስልክ ፊልም የሚቀርጽ ወጣትም በየቀበሌው አለ። ፈረሱንና በዓሉን የሚያውቁት፣ የማኅበሩን የቀድሞ ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ የእነርሱን ምስክርነት በድምፅና በምስል የማስቀረቱ ሥራ ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ አይገባውም። ስለዚህ የአዊ ዞን የባህል መምሪያ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የፈረሰኞች ማኅበር በአንድ ሆነው ከጥር 20 እስከ 23 ባሉት ምሽቶች በከተማው አደባባይ ሸራ ይዘርጉ፤ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ «ጤዛ»ንና «ላምብ»ን ከየባለቤቶቻቸው ፈቃድ ጠይቀው ለአርሶ አደሩ ያሳዩ፤ ወጣቶች በአውንጂና በአማርኛ የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ያወዳድሩ፤ ከዳኞቹ መካከልም የማኅበሩ ሽማግሌዎች ይቀመጡ። ለአሸናፊው የሚሰጠውን ሽልማት መልክ መርጦ የሚወስነውም የአዊ ፈረሰኛ ይሁን።